ሃምሳ አራት ዓመት የጠበቀ ፊደል

ቸኩሎ የመጣ ካለ መንገዱን ይቀጥል፤ የቀረነው ግን አረፍ እንበል፤ የዛሬው ወግ ረጅም መንገድ የሄደ፣ በየቦታውም ቆም ቆም ያለ ነው። አንድ ወጣት በጦርነት መካከል በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በብዕር ስለጣላቸው ፊደሎች፣ እነዚያም ፊደሎች ከደብተሩ ወጥተው ሰው እጅ እስኪገቡ ስለፈጁት ሃምሳ አራት ዓመት ነው የማወጋችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ታውቁታላችሁ። በሠርግ ጥሪ ካርድ የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ፣ በምስጋና ምስክር ወረቀት አናት ላይ፣ በደህና ሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ አይታችሁታል፤ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ፣ ጅራቱ ረጅም፣ ከመስመሩ በላይና በታች እንደልቡ የሚዘረጋ የላቲን ጽሕፈት። ዛፕፊኖ ይሉታል። ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

የፊደሉ ባለቤት ሄርማን ዛፕፍ ኖቬምበር 8 ቀን 1918 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ተወለደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ የጀርመን ንጉሥም ከዙፋኑ ሊወርድ አንዲት ሌሊት ብቻ ነበረችው። እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው፣ በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ ስንቱን የጨረሰው ወረርሽኝ ኑረምበርግንም አልማራትም፤ ከዛፕፍ ቤት ሁለት ልጆች ወሰደ። ሄርማን ተረፈ፤ ተርፎም አደገ፤ ከፍ ሲል ደግሞ ከወንድሙ ጋር ሆነው ከጥንት የጀርመን ፊደልና ከሩሲያ ፊደል የተቀላቀለ የምሥጢር ጽሕፈት ፈጠሩ፤ በእሱም መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ልጁ ግን ፊደል ቀርጾ ልደር አላለም። የመብራት ነገር ነበር የሚወደው፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መሆን ነበር አሳቡ።

ከዚያም 1933 መጣ፤ ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። አባቱ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ስለነበር ከሥራው ተባረረ፣ ለጥቂት ጊዜም ዳኻው ወደሚባለው ማጎሪያ ተላከ፤ የአባት ዕዳ ለልጅ ነበርና ሄርማንም የሚመኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት በር ተዘጋበት። መምህሮቹ ሥዕሉን አይተው ሊቶግራፊ የሚባለውን የድንጋይ ኅትመት እንዲማር መከሩት። እናም ልጁ የከተማውን የስልክ ማውጫ ይዞ፣ ማተሚያ ቤቶቹን በተራ እያንኳኳ ሄደ። ሥራውን ያሳያል፤ ያደንቁታል፤ ከዚያ የፖለቲካ ጥያቄ ይከተላል፤ ከዚያ ደህና ሁን ይሉታል። አሥር ወር እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ከማውጫው የመጨረሻው ድርጅት ላይ ደረሰ፤ ካርል ኡልሪኽ ይባላል፤ እዚያ ስለ ፖለቲካ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሊቶግራፊ እንኳ አይሠሩም፤ የሚፈልጉት ፎቶ በቀጭን ብሩሽ የሚያስተካክል ሰው ነበር። ይሁን አለ። በ1934 ገባና አራት ዓመት የፎቶ እንከን ሲነቅስ ኖረ።

እኔ ያቺን የመጨረሻዋን በር ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ዘጠነኛው ወር ላይ ታክቶት ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ የሚፈርድበት ማን ነበር?

በ1935 ኑረምበርግ ላይ አንድ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከአንድ ዓመት በፊት የሞተው የታላቁ ጽሕፈት አዋቂ የሩዶልፍ ኮኽ ሥራ ነበር የቀረበው። ልጁ አየው፤ አይቶም ፈዘዘ፤ ከዚያ ሄዶ ሁለት መጻሕፍት ገዛ፤ አንዱ የኮኽ የራሱ፣ አንዱ የእንግሊዛዊው የኤድዋርድ ጆንስተን። አስተማሪ የለውም። ቀን ከማተሚያ ቤቱ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ አፉ ሰፊ የሆነ ብዕር ይይዛል፤ ወረቀት ይሞላል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ይሞላል።

እስቲ ስለዚያ ብዕር ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። የብዕሩ አፍ ሹል አይደለም፤ ደፍጠጥ ያለ ነው። ጸሐፊው ጫፉን አጋድሞ ይይዘውና ያንን አያያዝ ሳይለውጥ ይጽፋል። እጁ ከታች ወደ ቀኝ ሽቅብ ሲወጣ መስመሩ ፀጉር ያክላል፤ ከላይ ወደ ቀኝ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ይወፍራል። መጫንም ማቅለልም አያስፈልገውም፤ ውፍረቱንም ቅጥነቱንም የሚሰጠው አቅጣጫው ነው። ሸምበቆ ቀርፆ ብራና ላይ የጻፈ የኛ ቁም ጸሐፊ ቢያየው ወዲያው ይገባው ነበር። ሮም ላይ የጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ሰዎች በዚህ ብዕር ፈጣን፣ ዘመም ያለ፣ ያማረ ጽሕፈት ይጽፉ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ሉዶቪኮ አሪጊ በ1522 የጽሕፈቱን አሠራር የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ካርዳችሁ ላይ የምታዩት ዛፕፊኖ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር እዚያ ነው የሚደርሰው።

ወደ ልጁ እንመለስ። በ1938 ልምምዱን ጨረሰና ወደ ፍራንክፈርት ሄደ፤ የሩዶልፍ ኮኽ ልጅ የፓውል ኮኽ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት እዚያ ነበር፤ ከዚያም ከሽቴምፕል የፊደል ማቅለጫ ቤት ጋር ተዋወቀና የመጀመሪያውን፣ ከእርሳስ ማዕድን የሚቀለጥ የኅትመት ፊደሉን ነደፈ። አሁን መንገዱ ተከፈተ ስትሉ ጦርነቱ መጣ። በ1939 ለምሽግ ሥራ ወደ ምዕራቡ ድንበር ወሰዱት፤ አካፋው ልቡን አሳመመውና ቢሮ አስቀምጠው መዝገብና የስፖርት ውድድር ምስክር ወረቀት አስጻፉት። ከዚያ አሰናበቱት። በ1942 እንደገና ጠሩት፤ መድፈኛ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ እሱ ግን ግራና ቀኙን ያምታታል፣ ጠመንጃውንም ሲይዝ እጁ አይታዘዝለትም። አለቆቹ ተስፋ ቆረጡና ካርታ ነዳፊ አደረጉት። ከወታደሮች መካከል ለወታደርነት የማይሆነውን ሰው የሚለይ አለቃ አንዳንድ ጊዜ ሳያውቀው ለዓለም ውለታ ይውላል።

በፈረንሳይ ቦርዶ ተመደበ። ሥራው የስፔንን ካርታ፣ በተለይ የባቡር ሐዲዱን መንደፍ ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ያለ ማጉያ መነጽር ይጽፍ ነበር ይባላል፤ ምናልባት ያ ዓይኑ ነው ከጦር ግንባር ያራቀው። እናም በ1944፣ በዚያ ሁሉ መካከል፣ ሰው ሰውን በሚጨርስበት ዓመት፣ ዛፕፍ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽሕፈት ጻፈ። ለማንም የታዘዘ አይደለም። ብዕሩን ልቅ አድርጎ፣ የአንዱ ፊደል ጅራት በሌላው ሥር እየተሳበ፣ የላዩ ዘንግ ወደ ኋላ እየተቆለመመ፣ እጅ ሲደሰት የሚጽፈውን ጽሕፈት ጻፈ። ይህች ገጽ ናት የታሪኬ እምብርት። ያዙልኝ።

ጦርነቱ አበቃ፤ ፈረንሳዮች ማረኩት፤ ሥራውን አይተው አከበሩት፤ ቱቢንገን ከሚገኝ የጦር ሆስፒታል ደግሞ ጤናው ስለታወከ ጦርነቱ ካበቃ በአራት ሳምንት ወደ ቤቱ ሰደዱት። ኑረምበርግ በቦምብ ፈራርሳ ነበር። በ1946 በዚያች ፍርስራሽ መካከል ጽሕፈት ማስተማር ጀመረ፤ በዓመቱም ሽቴምፕል ከፍራንክፈርት ጠራው፣ የሥነ ጥበብ ኃላፊ ሁንልን አለው። የትምህርት ማስረጃ አምጣ አላሉትም። ያዩት የጦርነቱን ጊዜ ደብተሮችና በ1944 የጻፈውን አንድ የብዕር ሥራ ነው። አመኑበት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር።

አሁን እንግዲህ እናንተ ትሉኛላችሁ፦ ደብተሩ አለ፣ የፊደል ማቅለጫ ቤቱ አለ፣ ኃላፊው እሱ ራሱ ነው፤ ታዲያ ያንን ጽሕፈት ለምን አላቀለጠውም? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ እርሳሱ ዘንድ ነው።

በእርሳስ ዘመን እያንዳንዱ ፊደል በአንዲት አራት ማዕዘን የእርሳስ አካል አናት ላይ ይቀመጣል። ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ እያነሣ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል። አካሉ አራት ማዕዘን ስለሆነ አጥር አለው፤ የአንዱ ጅራት በጎረቤቱ ግቢ መዋል አይችልም። ከአካሉ አልፎ እንዲንጠለጠል ካደረጉት ደግሞ ቀጭኗ እርሳስ ማተሚያው ሲጫናት ቅንጥስ ትላለች። የኛ ፊደል በዚህ አልተቸገረም፤ ሀም ለም እያንዳንዱ በራሱ ቆሞ የሚያድር ነውና ለእርሳሱ ይመቻል። የእነሱ የእጅ ጽሕፈት ግን መያያዝ ይፈልጋል፣ መደራረብ ይፈልጋል። ዛፕፍ ሞክሯል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቪርቱኦዛ የሚባል የብዕር ጽሕፈት ለሽቴምፕል አወጣ፤ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ጅራቶቹ ሁሉ ለአጥሩ ሲባል ተሰብስበዋል። ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት አንዱ የሚሮጥ፣ አንዱ የታሰረ ነው።

ከዚህ ይልቅ የባሰ ሁለተኛ ችግር ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው በእጁ ሲጽፍ አንድን ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጽፈውም። በቃል መጀመሪያ ያለው «ዲ» ዘንጉን ወደ ኋላ ለጠጥ ያደርጋል፤ መሐል ሲገባ ግን ጎረቤቱን ፈርቶ ቀጥ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ቦታ ስላገኘ ይንጠራራል። እርሳሱ ግን አንድ ቅርጽ ብቻ አለው፤ ሃምሳ ጊዜ ቢመጣ ሃምሳ ጊዜ ያው ነው። ዓይናችን ይህን ያውቃል። ለምን እንደሆነ ሳንናገር፣ «ይሄ የእጅ አይደለም» እንላለን።

ስለዚህ ገጿ ደብተሩ ውስጥ ቀረች፤ ዛፕፍም ሌላ ሌላውን ሠራ። ፓላቲኖን ሠራ፤ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ፣ ከፎንቶቹ ዝርዝር ውስጥ ምናልባት ታገኙታላችሁ። በ1950 ጣሊያን ሄዶ ፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የመቃብር ድንጋይ ጽሕፈት አየ፤ ወረቀት አልያዘም ነበርና ከኪሱ የሺህ ሊሬ ብር አውጥቶ እሱ ላይ ነደፈ፤ ከዚያች ብር ኦፕቲማ የሚባለው ፊደል ወጣ። በ1951 ጉድሩን ፎን ሄሰን አገባ፤ እሷም በራሷ የመጻሕፍት ጠራዥና የጽሕፈት አስተማሪ ነበረች፣ ዲዮቲማ የሚባል እጅግ ለስላሳ ፊደል የነደፈች፤ ባልየው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ስሟ ከኋላ የሚነገርበትን ልማድ አልወደውም። በ1960 ደግሞ ኒው ዮርክ ያለው የፒየርፖንት ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርን መግቢያ በአራት ቋንቋ በእጁ እንዲጽፍለት አዘዘው፤ ጻፈ፤ አንድ ሺህ ዶላር ተከፈለው። ከጦርነት ያመለጠ ሰው፣ ልጆቻችንን ከጦርነት እናድን የሚለውን ቃል ኪዳን በብዕር ሲጽፍ እጁ ምን ተሰማው ይሆን?

እርሳስ በፎቶ ተተካ፤ ፎቶ በኮምፒውተር ተተካ። ብዙ የፊደል ሰዎች ኮምፒውተሩን ሲጸየፉ ዛፕፍ ገና በጠዋቱ ነው ወደሱ የሄደው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ድረስ ተጉዞ ከስታንፎርዱ የኮምፒውተር ሊቅ ከዶናልድ ክኑት ጋር ለሒሳብ መጻሕፍት የሚሆን ኦይለር የሚባል ፊደል ሠራ። እዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ዴቪድ ሲገል ነበር፤ እሱም በ1993 ለዛፕፍ ደብዳቤ ጻፈለት። አሳቡ እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሳይሆን ብዙ ቅርጽ እንሥራ፤ ኮምፒውተሩ ጎረቤቱን እያየ ይምረጥ፤ ጽሕፈቱም ልክ እንደ እጅ እየተለዋወጠ ይሂድ።

ዛፕፍ ሰባ አምስት ዓመቱ ላይ ነበር። ደብዳቤውን አነበበና የ1944ቷ ደብተር ትዝ አለችው። አጥሩ ፈርሷል ማለት ነው። ጅራቱ ወደፈለገው ቢዘረጋ የሚሰበር እርሳስ የለም፤ አንዱ ፊደል አሥር መልክ ቢኖረው የሚያጣብበው ሣጥን የለም። እናም ሥራው ተጀመረ፤ ሲገል ጂኖ ሊ የሚባል ፕሮግራመር ከቦስተን ቀጠረ፤ ዛፕፍ ነደፈ፣ እነሱ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ አገቡት፤ ወራት አለፉ፤ ሊያልቅ ተቃረበ።

ከዚያ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሲገል ነው የጻፈው፤ ፍቅረኛዬ ጥላኝ ሄደች፣ ከእንግዲህ በምንም ነገር ላይ ልብ የለኝም ይላል። ሥራውን ተወው።

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ሽማግሌው ሰውዬ ያንን ደብዳቤ እጁ ላይ ይዞ የቆመበት ታየኝ። ጦርነት ያላጠፋትን ገጽ፣ እርሳስ ያልገደላትን ገጽ፣ የአንድ ወጣት የተሰበረ ልብ መንገድ ላይ አስቀራት። ደግሞ ማንን ትወቅሳለህ? ወጣቱም ወጣት ነው፤ ልብ ሲሰበር ፊደል አይታይም። ሲገል ሌላ ሕይወት ጀመረ፤ በኋላም በድረ ገጽ አሠራር ስሙ የታወቀ ሰው ሆነ። ዛፕፍ ግን ንድፎቹን አጣጥፎ አስቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜም ለማንም ሳያሳይ ቆየ።

በመጨረሻ ንድፉን ይዞ ላይኖታይፕ ወደሚባለው የፊደል ድርጅት ሄደ። ድርጅቱም የተጀመረውን አንሥቶ እንደገና አደራጀው፤ የኮምፒውተሩን ምርጫ ቀለል አደረገው፤ አራት ሙሉ የፊደል ረድፍና ለጌጥ የሚሆን ሐረግ ያለበት ሆነ፤ በ1998ም ዛፕፊኖ ተብሎ ወጣ። በ1944 የሃያ አምስት ዓመት ወታደር ነበር የጻፈው፤ ሲወጣ ሰውየው ሰማንያ ዓመቱን በያዘበት ዓመት ነው።

የቀረው ፈጠን ያለ ነው። በ2003 ከጃፓናዊው የፊደል ነዳፊ ከአኪራ ኮባያሺ ጋር ሆነው አሰፉት፤ የሲገል የመጀመሪያ አሳብ፣ ቅርጾቹ ጎረቤታቸውን እያዩ የመለዋወጣቸው ነገር፣ በአዲሱ የፎንት አሠራር ተመለሰ። አፕል ደግሞ ከሺህ የሚበልጡ ቅርጾች ያሉትን ዛፕፊኖ በማክ ኮምፒውተሮቹ ውስጥ አስገባው፤ ሊባኖሳዊቷ ናዲን ሻሂንም የዓረብኛ አቻውን ነደፈች። ማክ ያላችሁ ይህን ሞክሩ፤ ዛፕፊኖን ምረጡና የፊደሉን የራሱን ስም በላቲን ጻፉ። አንድ ሁለት እያላችሁ ስድስቱን ስትመቱ ተራ ጽሕፈት ነው። ሰባተኛዋን፣ የመጨረሻዋን «ኦ» ስትመቷት ቃሉ በሙሉ ዓይናችሁ ፊት ይለወጣል፤ ሰባቱ ፊደል ተያይዘው በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ አንድ ሥዕል ይሆናሉ። እኔ ካየሁት በኋላ እየሰረዝኩ ደጋግሜ መትቼዋለሁ።

ዛፕፍ በጁን 2015 ዳርምሽታት ከተማ ላይ በዘጠና ስድስት ዓመቱ አረፈ፤ ጉድሩን እስከ 2019 ኖረች።

ከመነሣታችን በፊት ግን ካርድ የምታሠሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ካርድ በዚህ ተበላሽቶ አይቻለሁና። ዛፕፊኖን በትልልቁ ፊደል ብቻ አታስጽፉት፤ ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲነግሡ የተሠሩ ናቸው፣ አሥሩን ከደረደራችኋቸው ጅራት በጅራት ይጠላለፉና ሙሽራዋን ራሷን ስሟ ይጠፋባታል። ረጅም ዐረፍተ ነገርም አትጫኑበት። በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ቦታ ተዉለት። የሙሽሮቹን ሁለት ስም በእሱ ጻፉና ተዉት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዳራሹን በፓላቲኖ አድርጉት፤ ያው የአንድ እጅ ሥራ ስለሆነ አይጣሉም። ካርድ ሠሪው «ሁሉም በዛፕፊኖ ቢሆን ያምራል» ካላችሁ፣ እሺ ብላችሁ ናሙናውን ብቻ አትምልን በሉት፤ አዳራሹን ፈልጎ ማንበብ ሲያቅተው ራሱ ይለውጠዋል።